ከታቦር ተራራ የተላከ ውሸት

ታቢታ ኩማ ጓድ ደምሴን መጸየፍ የጀመረችው በእጁ ነው። ሁልጊዜ አንድ ነገር በልቶ ያልታጠበ የሚመስል፣ ወዝ የማይለየው እጅ ነበረው። እሷ ወደምትሠራበት የአዋሳ ቴሌግራም ክፍል ሲመጣ መስኮቷ ላይ ተደግፎ ሲያወራ ይቆያል፤ ሲሄድ ጣቶቹ መስታወቱ ላይ ታትመው ይቀራሉ። እሷም ከግቢው እስኪወጣ ትጠብቅና በእርጥብ ጨርቅ ትፈትገዋለች። የከተማው ካድሬ ስለሆነ ከመስኮቱ ዞር በል የሚለው ሰው አልነበረም።

በ1976 ዓ.ም. ክረምት ግን ደምሴ የመጣው ለወሬ አልነበረም።

"ጓዲት ታቢታ፣ ያ የፈረንጁ ሬዲዮ ቢሰጥሽ አሁንም ትችይበታለሽ?" አላት።

ታቢታ ደነገጠች። ስለዚያ ሬዲዮ ከተናገረች ዓመታት አልፈዋል፤ በሱ ሰበብ ታስራ ነበርና። ሆኖም መልሱ ሳታስበው ካፏ ወጣ። "እችላለሁ" አለችው።

ሬዲዮው የሚስተር ሃልቮር ነበር። ታቢታ የተወለደችው ቡሹሎ፣ ሐይቁ አጠገብ ነው። አባቷ ኩማ እንሰትና በቆሎ የሚያለማ፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ መረብ የሚጥል ሰው ሲሆን፣ በአካባቢው ወንጌልን ቀድመው ከተቀበሉት የሲዳማ አባወራዎች አንዱ ነበር። ልጁን ሚሲዮኑ ትምህርት ቤት አስገባት። ሃልቮር የሚሲዮኑ መሐንዲስ ነበሩ። ቀን የውሃ ፓምፕና ጄኔሬተር ይጠግናሉ፤ ከሥራ ሲወጡ ሬዲዮናቸውን ይከፍታሉ። እንደ ሌላው ሬዲዮ ዜና የሚሰሙበት ብቻ አልነበረም፤ ራሳቸው የሚናገሩበት ነው። በዓለም ዙሪያ እንደሳቸው ያሉ ሰዎች፣ አማተር የሚባሉ፣ ማንም ሳይከፍላቸው ለፍቅሩ ብቻ በሞርስ እየተጠራሩ ከአገር አገር ይጨዋወታሉ። ታቢታ የሞርሱን ፊደል የተማረችው ሃልቮር ብርጭቆ በማንኪያ እየመቱላት ነው። ጆሮዋ ፈጣን ስለነበር ብዙም ሳትቆይ ከሳቸው እኩል ትሰማ ጀመር።

ቅዳሜ ሲሆን ሬዲዮውንና ባትሪውን በአህያ ጭነው ታቦር ተራራ ላይ ይወጣሉ። እዚያ ከፍታው ላይ የአንቴናውን ሽቦ ከግራር ግራር ወጥረው ይቀመጣሉ። አንድ ቀን ሃልቮር ተነሡና ወንበሩን ለቀቁላት። ያን ቀን ጥሪዋን የመለሰላት ፊንላንድ አገር የሚኖር አስተማሪ ነበር። ስሟን ጠየቃት፤ ቀጥሎ ከተቀመጠችበት ምን እንደሚታያት ጠየቃት። ሐይቅ፣ ታንኳና ጉማሬ ይታየኛል አለችው። እሱም በረዶው እስከ መስኮቱ እንደደረሰና ልጆቹ በር ከፍተው መውጣት እንዳቃታቸው ነገራት። በሕይወቷ አይታው የማታውቀውን፣ የማታየውንም ሰው ቤት ገብታ የተቀመጠች መሰላት። እየዘመረች ነው ከተራራው የወረደችው።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። ሚሲዮኑ ተወረሰ፤ ሃልቮር ልብሳቸውን ብቻ ይዘው ከአገር ወጡ። ሬዲዮው የስለላ መሣሪያ ተብሎ መጋዘን ገባ። ታቢታንም ይዘው ለማን እንደምትሰልል ጠየቋት፤ ምንም ሲያጡባት ለቀቋት። ሞርስ የሚያውቅ ሰው እንደልብ ስላልነበረ ቴሌግራም ክፍል ተቀጠረች። ወንድሙ የሚባል የከባድ መኪና ሹፌር አግብታ ታቦር ሥር ተከራይተው ኖሩ። ሰንበት ሲመጣ መዝሙሯን የምትዘምረው በሯን ዘግታ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነበር።

ደምሴ ያሰበው ይህን ነው። መስከረም ሁለት ቀን አብዮቱ አሥረኛ ዓመቱን ይይዛል። ክፍለ ሀገሩ ሁሉ በኤግዚቢሽን ይፎካከራል። ደምሴ ደግሞ አማተሮች ከተገናኙ በኋላ አንዱ ለሌላው ካርድ እንደሚልክ ከሆነ ሰው ሰምቷል። ኢትዮጵያ ከአየር ላይ ከጠፋች ዓመታት ስላለፉ የዓለም አማተር በሙሉ ይህችን አገር ለማግኘት ይጓጓል። ስለዚህ ታቢታ ታቦር ላይ ወጥታ ትጣራለች፤ ዓለም ይመልሳል፤ እሱም ካርዶቹን አዳራሽ ውስጥ ሰቅሎ የዓለም ሕዝብ ለአብዮታችን ያስተላለፈው የደስታ መግለጫ ይለዋል። ፈቃዱንም ከበላይ አግኝቶ ጨርሷል።

በዚያው ሳምንት ወንድሙ ከአሰብ ተመለሰ። ለበዓሉ የሚሆን ባለቀለም አምፖልና ቀይ ጨርቅ ጭኖ ነበር የመጣው። ቤት ገብቶ የቀረበለትን ቆጮ ሳይነካ ተቀመጠ። ታቢታ ምን ሆነህ ነው ብትለው መጀመሪያ ደክሞኝ ነው አላት። ቆይቶ ነገራት። ባቲ አጠገብ መንገድ ዳር ሰዎች ተጋድመው አይቶ እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሎት ነበር። መኪናውን አቁሞ ሲወርድ የሞቱትና ያልሞቱት አንድ ላይ ተኝተዋል። አንዲት ሴት ልጇን ወደ መኪናው መስኮት አንስታ ያዘችለት፤ ዳቦ አውጥቶ ቢሰጣት ልጁ ማኘክ አልቻለም። ወታደሮች መጥተው መንገድ አትዝጋ ብለው አባረሩት።

"አምፖል ነው የጫንኩት" አላት። "የተራቡት ሰዎች ምን ጭነሃል ብለው ጠየቁኝ። እህል መስሏቸው ነው።"

ታቢታ ያን ጊዜ የደምሴን ሥራ አልሠራም ማለት ትችል እንደሆነ አሰበች። አትችልም። የካድሬ ጥያቄ ጥያቄ አይደለም፤ ጴንጤነቷም ይታወቃል። ደግሞም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ወንበሩ ናፍቋታል።

ነሐሴ ላይ ተራራው ላይ ድንኳን ተተከለ። ከጦር ሠራዊቱ የመገናኛ ባለሙያ የሆኑ ሃምሳ አለቃ ገብረጻድቅ የሚባሉ ሰው ተመደቡ። ሥራቸው ሁለተኛ ጆሮ ማዳመጫ አድርገው ከታቢታ ጎን መቀመጥና የሚባለውን ሁሉ ለደምሴ መንገር ነው። ዝምተኛ ሰው ነበሩ። ሬዲዮው ከመጋዘን ሲወጣ አይጥ ገብታበት ስለነበር ውስጡ ይሸታል። ታቢታ ኩሱን በሽቦ ጫፍ ጠርጋ፣ የተቆረጠውን ቀጥላ ስትከፍተው ሠራ።

ከሰዓት በኋላ ጥሪዋን መታች። ኢትዮጵያ ነኝ፤ ማን ይሰማኛል? ጣቷን ገና ሳታነሣ የመላሹ ብዛት ጆሮዋን ሞላው። ቀፎው እንደተነካ ንብ አንዱ ባንዱ ላይ ይጮሃል፤ ጣሊያን፣ ጃፓን፣ ብራዚል፣ ሶቪየት ኅብረት። ታቢታ ሳቀች። ሃምሳ አለቃም ሳይፈልጉ ፈገግ አሉ።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። የሚመልሰው ሁሉ ድምፅሽ በደንብ ይሰማል የሚል ቁጥር ሰጥቶ፣ ካርድ እንዳትረሺ ብሎ ይሄዳል። ስሟን የሚጠይቅ የለም። ምን እንደሚታያት የሚጠይቅ የለም። ኢትዮጵያን አገኘሁ ለማለት ብቻ ይጋፋሉ፤ ተራ ያልደረሰው ሌላው ላይ እየደረበ ይመታል፤ አንዳንዱም በሞርስ ይሳደባል። ታቢታ ሕፃን ሳለች ዓሣ ሲራገፍ የምታየውን ግፊያ አስታወሳት። ያን ዓለም ስትናፍቅ ከርማ እንዲህ ሆኖ ስታገኘው ቀፈፋት።

ደምሴ ደግሞ ከኋላዋ ቆሞ ምን አሉ ይላል። ጣሊያን ያለው ሰው ድምፅሽ በደንብ ይሰማል ብሏል ብትለው፣ "የአብዮታችሁን ድምፅ በደንብ እንሰማለን ብሏል ማለት ነው" ይላል። እንዲህ አላለም ስትለው ያው ነው ይላታል። ሃምሳ አለቃን ሲያይ ሃምሳ አለቃ ጫማቸውን ያያሉ።

ሰንበት ላይ የደምሴ ጓዶች ሊጎበኙ መጡ። በግ ይዘው ነበርና ድንኳኑ ደጃፍ አረዱት። ጉበቱን በጥሬው፣ ትኩሱን፣ ቆመው በሉ። አረቄውን ጨርሰው ጠርሙሱን ወደ ገደሉ ወረወሩ። ዝናብ ዘንቦ ስለነበር ደሙ ከጭቃው ጋር ተቀላቅሎ እስከ ሬዲዮው ጠረጴዛ እግር ወረደ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ጥንብ በል ወፎች ከሐይቁ ዳር ሽታውን ተከትለው መጥተው አንጀቱን ይጎትታሉ፤ አንደኛው ካድሬ ሞራ እየወረወረላቸው ይስቃል። ታቢታ ባቲ መንገድ ላይ ማኘክ ያቃተውን ልጅ አሰበች። ከድንኳኑ ወጥታ ግራሩን ተደግፋ አስታወከች። ደምሴ እርጉዝ ነሽ እንዴ ብሎ ጓዶቹን አሳቃቸው።

ተመልሳ ስትቀመጥ ግፊያው ጋብ ብሏል። አንድ ደካማ፣ ቀስ ያለ ምት ይጠራታል። አየርላንድ ያለ ብሬንዳን የሚባል ሐኪም ነው። ቁጥሩን ሰጥቶ አልሄደም። ስሟን ጠየቃት፤ ታቢታ አለችው። ከዚያ እንዲህ አላት፤ ወሎ የሚሠራ ካህን ወዳጅ አለው፤ ሰዎች በረሃብ እየሞቱ ነው ብሎታል። እውነት ነው? እውነት ከሆነ ሐኪሞች አሰባስቦ ሊመጣ ያስባል፤ እዚያ አገሩ ግን የሚያምነው ጠፍቷል።

የታቢታ እጅ የሞርሱ መምቻ ላይ እንዳለ ቀረ። ሃምሳ አለቃም ሰምተዋል። ደምሴ ምን አለ ብሎ ሲጠይቅ ነገሩት።

ደምሴ የሚግጠውን አጥንት አስቀመጠ። "በይ ላኪ" አላት። "ረሃብ የለም። ምርቱ ጥሩ ነው። ሕዝቡ አሥረኛውን ዓመት በደስታ ለማክበር እየተዘጋጀ ነው። ይህ የኢምፔሪያሊስቶች ወሬ ነው።"

"ባለቤቴ አይቷል፣ ጓድ ደምሴ" አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "በዓይኑ ነው ያየው።"

"እኔ ባልሽን አልጠየቅሁም።"

ታቢታ እጇን ከመምቻው አነሣችና ጭኗ ላይ አደረገች። እጄ አይታዘዝልኝም፣ አሞኛል አለችው። ደምሴ ወደ ሃምሳ አለቃ ዞረ። ሃምሳ አለቃ ወታደር ናቸው፤ ልጆች አሏቸው። ወንበሯን ሳብ አድርገው የታዘዙትን ቃል በቃል መቱት። ታቢታ እያንዳንዱን ፊደል ስትሰማ ሰው ፊቷ ላይ የሚተፋባት ያህል ተሰማት። ረሃብ የለም። ምርቱ ጥሩ ነው።

ሐኪሙ ግን፣ ይኼ የታቢታ እጅ አይደለም አለ። ሞርስ የለመደ ሰው የሚመታውን ሰው ከእጁ ያውቀዋል፤ እንደ ሰው አረማመድ ነው፣ አንዱ ካንዱ አይመሳሰልም። አሁን የተናገረኝ ማን ነው? ታቢታ የት ሄደች? ብሎ ጠየቀ።

ደምሴ ይህን ሲሰማ ተናደደ፤ ተመልሳ ተቀምጣ እኔው ነኝ እንድትል አዘዛት። ታቢታ ተቀመጠች። እኔ ታቢታ ነኝ ብላ መታች። ቀጠለችና፣ ቅድም የሰማኸው የኔ ቃል አይደለም፤ ወዳጅህን እመነው አለች። ከዚያ ሬዲዮውን ዘጋችው።

ደምሴ ሃምሳ አለቃን አያቸው። ሃምሳ አለቃ ላብ ባላብ ሆነው ያለችውን ነገሩት፤ አንዲት ቃል አልቀነሱም። ታቢታ አሁን ይወስዱኛል ብላ ነጠላዋን ሰበሰበች።

ደምሴ ግን ምንም አላደረጋትም። ቆሞ ሲያሰላ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር። ይህን ለበላይ ቢያመለክት ሬዲዮውን ከመጋዘን ያወጣው እሱ ነው፤ እሷንም የመረጠ እሱ ነው። ስለዚህ ጓዶቹን ዘወር ብሎ አየና ግንኙነቱ በስኬት ተጠናቋል አላቸው። አጨበጨቡ። ታቢታን ያን ቀን ከሁሉ ይበልጥ የዘገነናት ያ ጭብጨባ ነበር። ብትገረፍ እንኳ ያደረገችው ነገር እንደነበረ ይቆጠራል። አሁን ግን እውነቷንም እንደ በጉ አንጀት ረግጠውት አለፉ።

መስከረም ሁለት ቀን አዳራሹ በአምፖል አሸበረቀ፤ ወንድሙ ያመጣው አምፖል ነው። ታቢታ ሽልማት ትቀበላለች ተብላ ተጠርታ ነበርና ሄደች። አንደኛው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በካርድ ተሞልቷል። ቀረብ ብላ አየች። ካርድ በፖስታ ከውጭ ለመምጣት ወራት ይፈጅበታል። እነዚህ የሱቅ ማስታወቂያ የሚጽፍ የከተማው ሠዓሊ በካርቶን ላይ የሳላቸው ናቸው። ቀለማቸው ገና አልደረቀም፤ የቶኪዮው ካርድ ላይ አንበሳ ተስሎበታል። ግድግዳው መሃል ላይ በቀይ ቀለም እንዲህ የሚል ነበር፤ "የአየርላንዱ ሐኪም ብሬንዳን፦ የጠገበውን የኢትዮጵያ ሕዝብ እንኳን ደስ ያለህ እላለሁ።"

ታቢታ ሁለቴ አነበበችው። በስተኋላዋ ተማሪዎች በሰልፍ ቆመው ይጎበኛሉ፤ መምህራቸው ካርዶቹን እያመለከተ ያስረዳቸዋል። እጇን ዘርግታ ካርቶኑን ከነሚስማሩ ነቀለችው፤ አጠፈችውና ብብቷ ሥር አደረገች።

"ይኼ ሰው እንዲህ አላለም" አለች፤ ለማንም ሳይሆን እንዲያው ለግድግዳው።

ያን ቀን ታሰረች። የቀበሌው እስር ቤት ጠባብ፣ ባልዲው ጥግ ላይ የሚቀመጥ፣ ቁንጫው ቀንና ማታ የማይለይ ክፍል ነበር። ሽታው የመጀመሪያዎቹን ቀናት ምግብ አላስበላትም። ወንድሙ ምግብ ሲያመጣ የሰማውን በሲዳምኛ ያንሾካሹክላታል፤ ጠባቂው ቋንቋውን አያውቅም። ጥቅምት ላይ ፈረንጆች ረሃቡን በቴሌቪዥን እንዳሳዩት ነገራት። ዓለም ሰምቷል፤ መንግሥትም አምኗል።

ኅዳር ሲገባ ደምሴ እስር ቤቱ በር ላይ ቆመ። አፍንጫውን በመሐረብ ይዟል። ሽቶ ተቀብቷል፤ ሽቶው ከባልዲው ሽታ ጋር ተደባልቆ ታቢታን ከበፊቱ ይልቅ አቅለሸለሻት። እሷ በአክብሮት ብድግ አለች፤ ልማድ ነው። እሱም ያለ ምንም መግቢያ ተራራው ላይ እንድትወጣ እንደሚፈልግ ነገራት። ክፍለ ሀገሩ የእርዳታ ኮሚቴ አቋቁሟል፤ ሊቀመንበሩ እሱ ነው። ያንን የአየርላንድ ሐኪም እንድትጠራለት ነው።

"ያኔ ረሃብ የለም ብለው ነበር" አለችው።

"ያኔ መመሪያው እሱ ነበር" አላት። ፊቱ ላይ አንዳች እፍረት አልነበረም። ዝናብ ነበር፣ አሁን አባርቷል የሚል ሰው ይመስላል።

ታቢታ እምቢ ለማለት ፈለገች። እምቢ ብትል ንጹሕ ሆና እዚያው ክፍል ውስጥ ትቀመጣለች። ግን የማን ንጽሕና ነው? ባቲ መንገድ ዳር ያለችው ሴት በታቢታ ንጽሕና ልጇን አታበላም። ይህን ስታስብ ደምሴን ብቻ ሳይሆን፣ በሱ በኩል ካልሆነ መልካም ሥራ የማይሠራበትን ዘመን ተጸየፈችው። ነጠላዋን አጣፍታ ተከተለችው።

ሰማዩ ጠርቷል፤ ተራራው ላይ ሣሩ ደርቆ የዚያ በግ አጥንቶች እዚህም እዚያም ነጥተው ይታያሉ። ሃምሳ አለቃ ገብረጻድቅ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ተልከው ስለነበር ሁለተኛውን ጆሮ ማዳመጫ ያደረገ ሰው አልነበረም። የምትለውን የሚያውቅ እሷ ብቻ ናት። ሐኪሙን ለማግኘት ብዙ ቀናት ፈጀባት። ሲያገኛት መጀመሪያ ያላት እጅሽን አወቅሁት የሚል ነበር። ወዳጁን አምኖ፣ ሐኪሞቹን አሰባስቦ፣ ቪዛ ከልክለውት እንደቆየ ነገራት። ታቢታም ወንድሙ ያየውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መታችለት፤ መንገዱን፣ ሴቲቱን፣ ልጁን። ምን ያስፈልጋል ሲላት ወንድሙ ከሹፌሮቹ የሰማውን፣ ብርድ ልብስ፣ ለስለስ ያለ የልጆች ምግብ፣ የተቅማጥ መድኃኒት አለችው።

ደምሴ ከኋላዋ ብርቱካን እየላጠ ፍሬውን መሬት ላይ ይተፋል። ምን እንዳለችው ጠየቃት። ነገረችው። "ጥሩ ነው" አላት፤ "እኔም ይህንኑ ልልሽ ነበር።"

ቪዛው በደምሴ ኮሚቴ ደብዳቤ ተፈቀደ። ብሬንዳን ከጥቂት ሐኪሞች ጋር የገና በዓል ሳይደርስ ወሎ ገባ፤ ታቢታ በአካል አላየችውም። እሷ ተፈትታ ወደ ቴሌግራም ክፍል ተመለሰች። ሬዲዮው ዳግመኛ መጋዘን ገባ፤ ከዚያ ወዲህ የት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም። ደምሴ በእርዳታው ሥራ ባሳየው ትጋት ተብሎ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ፤ ሲሸኙት መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ተሰልፈው ነበርና ታቢታም ቆማለች።

ጥር ላይ ወንድሙ እህል ከአሰብ አድርሶ ሲመለስ የያዘው ወሬ የተለየ ነበር። ባቲ ካምፕ ውስጥ ገንፎ በበርሜል ሲፈላ አይቷል። ልጆች በልተው፣ ሳህኑን እንደያዙ፣ ቁጭ ባሉበት እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። ፈረንጅ ሐኪሞች አሉ፤ አንዱ ሽማግሌ ነው፣ ሲራመድ ያነክሳል፤ ስሙን ግን አልጠየቀም። ታቢታ እያለቀሰች ሰማችው። ወንድሙ ደስ አይልሽም ወይ ብሎ ትከሻዋን ያዛት።

"ደስ ብሎኛል" አለችው። "ደምሴም ደስ ብሎታል። የሚያቅለሸልሸኝ ደስታችን አንድ መሆኑ ነው።"